በስልክ መስመር ወይስ በኬብል

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ጸደይ በኢንተርኔት ጉዳይ ሰው ሁሉ ከሁለት ወገን አንዱ ነበር፤ ወይ ኬብል ነው፣ ወይ በስልክ ሽቦ የሚመጣው ዲኤስኤል። እኔ ኬብል ነበርኩ። ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ጓደኛዬ ዌድም ኬብል ነበር፤ እንዲያውም ቤታቸው ገብቶላቸዋል። አባቴ ሌናርድ ሁዳክ፣ ሰው ሁሉ ሌኒ የሚለው፣ ግን ዲኤስኤል ሆኖ ተገኘ። ይህን ለዌድ መንገር አሳፍሮኝ ስንት ቀን ወሬ ሳስቀይስ ከረምኩ።

እስከዚያ ድረስ ኢንተርኔት ወደ ቤታችን የሚመጣው በተራው የስልክ ጥሪ ነበር። ኮምፒውተሩ እየተንጫጫ ይደውላል፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ስልክ የሚባል ነገር የለም። ክሊቭላንድ ያለችው አክስቴ መስመሩ እየተያዘባት እናቴን «ማታ ማታ ከማን ጋር ነው እንደዚህ የምትንሾካሾኪው?» ትላት ነበር። አንድ ምሽት ከዌድ ጋር የመኪና እሽቅድምድም እየተጫወትኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቀድመው መታጠፊያው ላይ ስደርስ፣ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ የስልኩን እጀታ አነሣች። መኪናዬ መታጠፊያው ላይ ደርቃ ቀረች። እኔ ጮህኩ፤ እናቴም ስለጮህኩ ጮኸች። አባቴ ጋዜጣውን አጠፈና «በቃ፤ ከሁለቱ አንዱን እናስገባለን» አለ።

በማግሥቱ ሁለት በራሪ ወረቀቶች የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አንዱ የኬብል ቴሌቪዥኑ ድርጅት ነው፤ ላዩ ላይ ፀጉሩ በነፋስ ወደ ኋላ የተመለሰ ልጅ አለበት። ሌላው የስልኩ ድርጅት ነው፤ እሱ ላይ ሻይ የያዙ ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው ያሉት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እንደሚፈልጉ አልገባኝም።

«የትኛውን እናስገባ?» አለ አባቴ።

«ኬብል» አልኩ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለች እናቴ።

«አባዬ ጠየቀ።»

«ራሱን ነው የጠየቀው።»

ዌድ ያስጠናኝን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። ዲኤስኤል በስልክ ሽቦ ነው የሚመጣው፤ ከስልክ ማዞሪያው በራቅህ ቁጥር ይደክማል። ማዞሪያው ያለው ከድልድዩ ወዲያ፣ ከተዘጋው የብረት ፋብሪካ ጀርባ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው ሸለቆው የሚያልቅበት ጋ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ምንም ጉልበት አይኖረውም። ኬብሉ ግን ለቴሌቪዥኑ ተብሎ ድሮ ቤታችን ገብቷል፤ ሠራተኛው መጥቶ መስመሩን ፈትሾ አንድ ሣጥን መሰካት ብቻ ነው የሚቀረው።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ከዚያ «የኬብሉ መስመር የሰፈሩ ሁሉ ነው» አለ። «ማታ ማታ ሁሉም ሲከፍተው ይጨናነቃል። የስልኩ የራስህ ብቻ ነው።»

«እኔ ደግሞ» አለች እናቴ፣ «ሠራተኛ ግድግዳ ለግድግዳ ሲርመሰመስብኝ አልወድም። የዲኤስኤሉን ሣጥን በፖስታ ይልኩታል፤ ራሳችን እንሰካዋለን።»

ይህን ያለችው ሳህን እያጠበች፣ በመስኮት ወደ ጎረቤታችን ወደ ወይዘሮ ኮስኮ ቤት እያየች ነው። እኔም ዓይኗን ተከትዬ አየሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ የታየኝ መሰለኝ።

ወይዘሮ ቨርና ኮስኮ የስልክ ድርጅቱ ሰው ነበሩ። ማዞሪያው በእጅ በሚሠራበት ዘመን ኦፕሬተር ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያ ነው። የሸለቆው ሰው ሁሉ ድምፃቸውን ፊታቸውን ከማወቁ በፊት ያውቀዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ስለ ስልክ ክፉ አይናገሩም። «በጎርፉ ጊዜ መብራት ሄደ፣ ውኃ ሄደ፣ ድልድዩም ሄደ፤ ስልክ ግን አልሄደም» ይላሉ፤ ጎርፉን ራሳቸው ያቆሙት ይመስል። አባቴ «ቴታ ቨርና» ነው የሚላቸው፤ በአያቶቻችን በስሎቫኮቹ ቋንቋ አክስት ማለት ነው፤ የሥጋ ዝምድና ግን የለንም። በየሐሙሱ ለውዝ የተጠቀለለበት ዳቦ በፎጣ ሸፍነው በወጥ ቤቱ በር ሳያንኳኩ ይገባሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ስለ አየሩ ትንሽ ያወራሉ፣ ይሄዳሉ።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ የበሩ እጀታ ሲንቀሳቀስ እናቴ የኬብሉን ወረቀት ብድግ አድርጋ ዳቦ ማስቀመጫው ሥር ወሸቀችው። የዲኤስኤሉን አልነካችውም። ወይዘሮ ኮስኮ ዳቦውን አስቀምጠው ሽማግሌዎቹን ባልና ሚስት አዩና «ቆንጆ ሥዕል ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ አልነበረኝም። ወላጆቼ ፈርተዋቸዋል። ዳቦው ጉቦ ነው። በዚያ ሐሙስ አንድ ቁራሽ ብቻ በላሁ፤ እሱንም ሳልፈልግ።

እውነቱን አባቴ የነገረኝ ከዓመታት በኋላ፣ ከኮሌጅ ለእረፍት መጥቼ የአጥሩን ሥር አብረን ስንቆፍር ነው። «እዚህ ጋ ቀስ ብለህ» አለኝ፣ አካፋዬን በእግሩ ወደ ጎን እየገፋ። በሸለቆአችን ውስጥ አንቴና ለወፍ ማረፊያ ካልሆነ በቀር ጥቅም የለውም፤ ኮረብታዎቹ ምንም አያሳልፉም። ኬብል የሌለው ሰው ቴሌቪዥን የለውም። አቶ ኮስኮ ሲሞቱ ጡረታው አነሰና ወይዘሮ ኮስኮ ኬብላቸውን አቋረጡ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ «ዓይኔን እያደከመኝ ነው» አሉ። ከባላቸው ጋር ቤዝቦል ሳያዩ የቀሩበት ቀን ስላልነበረ ማንም አላመናቸውም። በዚያው መከር አባቴ ከቤታችን ጀርባ፣ ከጋዝ ቆጣሪው ኋላ ካለችው የኬብል ማከፋፈያ አንድ ጥቁር ገመድ ቀጠለ፤ በቁጥቋጦው አጥር ሥር ቀበረና በእሳቸው ምድር ቤት መስኮት አስገባው። «ቴታ ቨርና፣ የተረፈ ገመድ ነበረኝ» አላቸው። እሳቸውም «ቁጥቋጦው መቆረጥ አለበት» አሉ። ስለ ገመዱ በሁለቱ መካከል የተነገረው ይኸው ነው። እኛ ጋ ውለታን በስሙ መጥራት ውለታውን ማርከስ ነው፤ ስለዚህ አይጠራም። የመጀመሪያው ዳቦ በማግሥቱ ሐሙስ መጣ።

የኬብሉ ሠራተኛ ከመጣ መስመሩን ይፈትሻል፤ ከፈተሸ የጎረቤቱን ገመድ ያገኛል፤ ካገኘ ይቆርጠዋል፣ አባቴንም ይከሰዋል። ወጥ ቤታችን ውስጥ የቀረበው ጥያቄ ስለ ፍጥነት አልነበረም። ወይዘሮ ኮስኮ በዚያ ዓመት ኳስ ያያሉ ወይስ አያዩም የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ሳላውቀው አያዩም ለሚለው ወገን ስከራከር ነበር።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ፣ በዚያው ጸደይ አጎቴ ዱዌን መጣ።

ዱዌን የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። የሚኖረው ሌላ ከተማ ስለሆነ የሸለቆውን ጉዳይ አያውቅም፤ ባለማወቁ ግን ዝም ብሎ አያውቅም። የሆዴን ሁሉ ነገርኩት። ጭንቅላቴን እያሻሸ አዳመጠኝ፣ ከዚያ ስልኩን አንሥቶ በአባቴ ስም ኬብሉን አዘዘ። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ነገሩ አልቋል።

«ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሰውየው ይመጣል» አላት። «ለልጁ ነው፤ የልደቱ ስጦታ ይሁንልኝ።»

እናቴ የያዘችውን ከረጢት ሳታስቀምጥ ቆመች። «ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ስጦታ ታዞ ነው እንዴ የሚሰጠው?»

«ዱዌን፣ አንተ አንዳንድ ጊዜ…» አለችና ወደ እኔ አይታ ተወችው።

እሱም ምስጋና የጎደለው ቤት ነው ብሎ መሰለኝ ወደ ጓሮ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ወይዘሮ ኮስኮ ከቁጥቋጦው ማዶ የደረቁ ቅርንጫፎች እየቆረጡ ነበር።

«ወይዘሮ ኮስኮ፣ ሌኒን ሰው ልናደርገው ነው» አላቸው ዱዌን። «ቅዳሜ የኬብል ኢንተርኔት ያስገባል።»

መቀሱ ቆመ። «ሠራተኛ ይመጣል?»

«ይመጣል እንጂ። ከምሰሶው ጀምሮ እያንዳንዷን ገመድ ነው የሚያዩት። መሣሪያ አላቸው፤ መስመሩ የት ጋ እንደሚያፈስ ጥርት አድርጎ ያሳያቸዋል።»

ወይዘሮ ኮስኮ ቤታቸውን ሳይሆን እኔን አዩኝ። «አንተ ነህ የፈለግኸው?»

«አዎ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«በጣም ነው የፈለግኸው?»

«በጣም። ያለ እሱ ዌድን መቅደም አልችልም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መቅደም ጥሩ ነው» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሽንፈት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ ያንን ፊት ሳስታውሰው ሽንፈት አይመስልም፤ አንድ ነገር የወሰነ ሰው ፊት ነው።

ዱዌን ከሄደ በኋላ አባቴ ለመሰረዝ ደወለ፤ ቢሮው ተዘግቶ ነበር። ራት ላይ «ሰውየውን በር ላይ እመልሰዋለሁ» አለ።

«ልጁስ?» አለች እናቴ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ።

«ልጁ ዲኤስኤል ይኖረዋል።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። አባቴ እንደማይለወጥ አውቅ ነበር፤ ግን የአጎቴ ስጦታ ስለሆነ በሩ ላይ ያፍራል የሚል ተስፋ ነበረኝ።

ቅዳሜ ጧት ገና ሲነጋ ነቃሁ። ደቃቅ ዝናብ ይዘንባል። መኪናው ቀድሞ ይመጣ እንደሆነ በመስኮት ሳይ፣ ወይዘሮ ኮስኮ የባላቸውን ትልቅ የዝናብ ካፖርት ለብሰው በቁጥቋጦው ክፍተት ሾልከው ወደ ግቢያችን ገቡ። በእጃቸው የአትክልት መቀስ ይዘዋል። ከጋዝ ቆጣሪው ኋላ ተንበረከኩ። መቀሱ ቀጭ ሲል ሰማሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን አሁን ድረስ ይሰማኛል። ከዚያ አንድ ጥቁር ገመድ ከአፈሩ ውስጥ እየሳቡ ማውጣት ጀመሩ። እየሳቡ፣ ጭቃውን በጣታቸው እየጠረጉ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ እንደሚጠቀለለው በመዳፋቸውና በክርናቸው ላይ እየጠቀለሉ እስከ ቤታቸው ግድግዳ ደረሱ። ተመልሰውም የተገለበጠውን አፈር በጫማቸው ረገጡት፣ የዓምናውን ቅጠል በላዩ በተኑበት።

ኬብላችንን ቆረጡት ማለት ነው። የስልክ ድርጅቱ እንዲያሸንፍ።

ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ወላጆቼ ቁርስ ላይ ነበሩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ፍርድ ቤት የቆምኩ ይመስል ካፖርቱን እንኳ አልተውኩም።

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«በሙሉ ነው የነቀሉት?» አለ አባቴ።

«በሙሉ። ቅጠልም አለበሱበት። ፖሊስ እንጥራ።»

እናቴ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና ተነሥታ ምድጃው ጋ ሄደች። «ዱዌን ነው የነገራቸው» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችን።

«እኔም ነበርኩ» አልኩ። «በጣም እንደምፈልገው ነግሬያቸው እያለ ነው እንደዚህ ያደረጉት።»

አባቴ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። የተበደልኩ ልጅ ስለሆንኩ የሚያዝንልኝ መስሎኝ ፊቴን ይበልጥ አጠቆርኩለት።

«አሁን እኮ» አለች እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቢመጣም የሚያገኘው ነገር የለም።»

«የለም።»

«እሳቸው እንደሆኑ ወስነዋል።»

«አዎ።»

«እና?»

አባቴ ቡናውን እስከ ታች ጠጣ። ያን ጊዜ የሚያስበው ስለ ቅጣት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በዚያች ደቂቃ ለአባቴ በሩ ተከፍቶለት ነበር። ፈጣኑን መውሰድ ይችላል፤ ማንም አይከሰውም፣ ልጁ ይደሰታል፣ ወይዘሮ ኮስኮም እስኪሞቱ ድረስ ዓይናቸው እንደሚደክማቸው ይናገራሉ። ዳቦውም ሐሙስ ሐሙስ መምጣቱን አያቆምም ነበር።

«ቁርስህን ብላ» አለኝ።

የኬብሉ ሰው በሰዓቱ ደረሰ። አባቴ ደጃፍ ላይ ጨበጠውና «ይቅርታ፣ በከንቱ አመጣንህ፤ ሐሳባችንን ለወጥን» አለው።

«ምን ልትወስዱ? ዲኤስኤል?» አለ ሰውየው። «እዚህ ሸለቆ መጨረሻ ላይ? ኧረ ወንድሜ፣ በእግር ሄደህ ብታመጣው ይሻልሃል።»

«ሰምቻለሁ» አለ አባቴ።

መኪናው ዞሮ ሄደ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንባዬ ገና ሳይደርቅ አባቴ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ፊቴ ቆመ። «ጫማህን አድርግ» አለኝ። «ትፈለጋለህ።»

የወይዘሮ ኮስኮን በር አንኳኳ። ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት ከትከሻችን በላይ ባዶውን መንገድ ነው።

«ሌኒ፣ መኪናው ለምን ተመለሰ?»

«ዲኤስኤል ወሰድን፣ ቴታ ቨርና።»

«እንዴት? እኔ እኮ…» አሉና እኔን አይተው ዋጡት። «ልጁ ፈልጎት ነበር።»

«ልጁ ያድጋል። እኔ የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው። አንድ ገመድ ጠፍቶብኛል።»

«የምን ገመድ?»

«ጥቁር። ርዝመቱ ከእኔ ግድግዳ እስከ እርስዎ ምድር ቤት ይሆናል።»

ወይዘሮ ኮስኮ ካፖርታቸው ከተሰቀለበት ሥር ተንጠባጥቦ የተጠራቀመውን ውኃ አዩ፣ አባቴን አዩ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ እጃቸውን ሰደው ገመዱን አወጡት፤ ተጠቅልሎ በሹራብ ክር ታስሯል።

«ዝናብ ላይ ወድቆ አገኘሁት» አሉ።

«አመሰግናለሁ» አለ አባቴ። «ይበላሽ ነበር።»

እኔ መሐላቸው ቆሜ አንዴ እሱን አንዴ እሳቸውን አያለሁ። ወንጀለኛዋ እጅ ከፍንጅ ተይዛ አባቴ ያመሰግናታል። ተስፋ ቆረጥኩ።

የእኔ ሥራ በእሳቸው ሳሎን ውስጥ ቆሞ ቴሌቪዥኑን ማየት ነበር። አባቴ ገመዱን በቁጥቋጦው ሥር መልሶ ቀብሮ፣ ዝናቡ ውስጥ በእኛ ግድግዳ ሥር ተንበርክኮ ሽቦውን ይቀጥላል፤ በተከፈተው መስኮት «አሁንስ?» ይላል፤ እኔ የማየውን እነግረዋለሁ። ወይዘሮ ኮስኮ ወንበራቸው ላይ እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል።

«አሁንስ?»

«ምንም የለም። ነጭ ነው።»

«አሁንስ?»

ነጩ ነገር ተንቀጠቀጠ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ከአረንጓዴው ውስጥ ሜዳ ወጣ። ኳሱ ተጀምሯል። ያን ጊዜ ነው የነገሩ ክፋት እስከ ታች የገባኝ፤ ማለት የገባኝ የመሰለኝ። ወይዘሮ ኮስኮ ለስልክ ድርጅቱ ድሉን አስረከቡ፣ ለራሳቸው ደግሞ የእኛን ኬብል ወሰዱ። በሁለቱም በኩል አሸነፉ።

ምስሉ ግን ደህና አልነበረም። የተቆረጠ ገመድ እንደገና ሲቀጠል እንደ ድሮው አይሆንም። እያንዳንዱ ተጫዋች ጎኑ ላይ አንድ ሐመር ጥላ ይዞ ነው የሚሮጠው፤ በሁሉም ላይ በረዶ የሚዘንብ ይመስላል።

«አሁንስ?» አለ አባቴ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ዝናቡ ጠንክሮ ነበር።

«ጥርት ብሏል በለው» አሉ ወይዘሮ ኮስኮ።

«አልጠራም እኮ። ሁሉም ሁለት ሁለት ናቸው።»

«አባትህ ረጥቧል።»

አሰብኩበት። እውነቱን ብናገር አባቴ እስኪጠራ ድረስ ይሠራል፤ እሳቸውም እንደ መስታወት የጠራ ኳስ ያያሉ። ብዋሽ ግን ዕድሜ ልካቸውን በበረዶ ውስጥ ማየታቸው ነው። እንዲህ ያለ በቀል በእጄ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ጥርት ብሏል!» ብዬ ጮህኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንደ መስታወት ነው!»

ወይዘሮ ኮስኮ ጉንጬን ዳበሱኝ። «ጎበዝ ልጅ» አሉኝ። ምን እንዳደረግኋቸው አልገባቸውም ብዬ በውስጤ ሳቅሁ።

የአባቴ እርጥብ ጫማ በረንዳው ላይ ተሰማ። ወይዘሮ ኮስኮ ካየኋቸው ጊዜ ሁሉ ፈጥነው ተነሡና ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ፊቱ ቆሙ፤ ሽርጣቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ጎን ዘረጉት። ትንሽ ሴት ናቸው። ግማሹ ምስል በግራ በኩል ይታያል፤ አባቴ ካየው ደግሞ ወደ ዝናቡ መመለሱ ነው፣ በቀሌም ከሸፈ። ስለዚህ ሄድኩና ትከሻዬን ትከሻቸው ላይ አስጠግቼ የቀረውን እኔ ሸፈንኩት።

አባቴ ከፀጉሩ ውኃ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመና አየን።

«ኳሱ እንዴት ነው?» አለ።

«እየመራን ነው» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ፣ ከቦታችን ሳንነቃነቅ።